«አርፈሽ ተቀመጪ»

ልጄ ገዝታ ካመጣችልኝ ነገር ሁሉ እንደዚያ ሰማያዊ ፖፖ የቀፈፈኝ የለም። ከአልጋዬ ሥር አስቀመጠችውና «ሌሊት ወደ ውጭ እንዳትወጪ፣ ብርዱ ይጎዳሻል» አለችኝ። የቆሰበርን ብርድ አላጣሁትም፤ ጭጋጉ አጥር ላይ ተኝቶ እስከ ረፋድ የማይነሣበት ከተማ ነው። ግን ሁለት እግር አለኝ። ሽንት ቤቱም እዚያው ጓሮ ነው፣ መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈ። ዕድሜዬን ሙሉ የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን ንፍጥ ስጠርግ፣ ሱሪያቸው ላይ ሲያመልጣቸው ሳጥብ ኖሬ ተጸይፌ አላውቅም። የራሴ ሽንት ከራስጌዬ አድሮ ጠዋት ሌላ ሰው አፍንጫውን አዙሮ ይዞት ሲወጣ ግን ማየት አቃተኝ።

ከዳንግላ ያመጣችኝ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው። ክረምት ላይ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጭቃ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ክንዴ ትንሽ ተላጠ እንጂ ምንም አልሆንሁም። ጎረቤት ግን ደውሎ ነገራት። መጣች፣ አለቀሰች፣ ዶሮዎቼን ለጎረቤት ሰጠች፣ በሬን ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ልጅ እያለሽ ብቻሽን ውኃ ስትቀጂ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። እኔ ደግሞ የምታለቅሰው ለክንዴ መስሎኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ቢሮ የገባ ልጅ ያላት እናት ባልዲ ይዛ ከታየች የሚታማው ልጁ ነው። ስለዚህ እናቱን የሚወድ ልጅ አለፍ አለፍ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ባልዲውን ከእጇ መንጠቅ ነው። ከዚያ መጥረጊያውን ይነጥቃል፣ ከዚያ መኮትኮቻውን። ሁሉን ነጥቆ ሲጨርስ ሶፋ ላይ ያስቀምጣትና መንደሩ «ተባረክ» ይለዋል።

ዳንግላ ሳለሁ ቀኔ መልክ ነበረው። ኪዳን አድርሼ እመለሳለሁ፣ ግቢዬን እጠርጋለሁ፣ ለዶሮዎቼ እበትናለሁ። የጋሪ ፈረሶች ጭነው ወደ ገበያ ሲያልፉ ኮቴያቸውን ስሰማ ቁርሴን አቀርባለሁ። ከዚያ ጌሾዬን እኮተኩታለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ እጨቃጨቃለሁ፣ ሲመሽ ደክሞኝ እተኛለሁ። ይህን ሁሉ ሥራ እንጂ መድኃኒት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

ቆሰበር ስገባ «አርፈሽ ተቀመጪ» ተባልሁ። ቁርሴ አልጋ ላይ፣ ምሳዬ ሶፋ ላይ ይመጣል። እጄን እንኳ ሠራተኛዋ ናት የምታስታጥበኝ። ከፊቴ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ በማላውቀው አገር ያሉ ሀብታሞች በአማርኛ ሲካካዱ ይውላሉ። ልጄ ከቢሮ ስትደውል «በላሽ?» ትላለች፤ ማታ ስትገባ «ተኛሽ?» ትላለች። በላሁ፣ ተኛሁ። የሚደለብ በሬም ቢሆን ከዚህ ሌላ አይጠየቅም።

መጀመሪያ የሄደው እንቅልፌ ነው። ቀን ሶፋው ላይ ሳንቀላፋ ስለምውል ሌሊት ጣራው ላይ አፈጣለሁ። ቀጥሎ ፊቴን መታጠብ ተውሁ፤ ለማን ብዬ? ቀሚሴ ላይ የፈሰሰው ወጥ ደርቆ ቅርፊት ሲሠራ በጥፍሬ እየፋቅሁ እውላለሁ። ፀጉሬ ሸተተ። እኔው ራሴ ሸተትሁ። ሽታዬን አውቀዋለሁ፣ ይቀፈኛል፣ ግን ተነሥቶ መታጠብ ተራራ መውጣት ሆነብኝ። ዳቦ ከትራሴ ሥር መደበቅ ጀመርሁ። ለምን እንደምደብቀው አላውቅም። ሻግቶ ሳገኘው ያቅለሸልሸኛል፣ በማግስቱ ደግሞ እደብቃለሁ። ሠራተኛዋን ያለ አንዳች ጥፋት እሰድባታለሁ።

አንድ ቀን «እርጎ አምጪልኝ» አልኋት። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለች። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ጠፍተውኝ አያውቁም፤ በወሊድም፣ በሐዘንም። ያን ዕለት ፈራሁ። አእምሮዬ ከእጄ ሊወጣ መሆኑን ያወቅሁት በዚያች እርጎ ነው።

ጠያቂዎች ግን ይመጣሉ። የሶፋውን ጨርቅ እየዳበሱ «ታድለው! እንዲህ ያለ ልጅ ማን አገኘ?» ይሉኛል። ከመካከላቸው ሁለት ሴቶች አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገውኛ ማውራት ያዙ። «እሳቸውማ አበቃላቸው፣ ጸበል ቢወስዷቸው ነው የሚሻለው» ይባባላሉ። አማርኛ ብቻ የምታውቅ አስተማሪ መስያቸው ነው። ከአማቴ ጋር ስንት ዘመን የኖርሁት በምን ቋንቋ ሊሆን ነው? ጸበል አከብራለሁ። ሥራ ፈትቶ የተበላሸን ሰው ጋኔን ያዘው ማለት ግን ጋኔኑን ማማት ነው።

ሐኪም ዘንድም ተወስጃለሁ። «ይበላሉ? ይተኛሉ?» ብሎ ልጄን ጠየቃት። እኔ በመካከላቸው እንደ ቦርሳ ተቀምጫለሁ። ቀኑን በምን እንደማሳልፍ የጠየቀ የለም። የእንቅልፍ ክኒን ጽፎ ሸኘን።

ያዳነኝ ክርፋት ነው። በልጄ ሠፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ጎህ ሲቀድ ነው። የነቃ ይቀዳል፣ የተኛ ይቀራል። በዚያ ሰሞን ሠራተኛዋም ልጄም እንቅልፍ ጥሏቸው ፈረቃው በተከታታይ አለፈን። በርሜሉ ደረቀ። ሽንት ቤቱ ከረፋ፣ የሳህኑ ክምር ከረፋ፣ ፖፖዬም ሳይታጠብ ዋለ። ከፖፖው የተነሣ ዝንብ መጥቶ ምሳዬ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አየሁና አስመለሰኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ከልቤ ተሰማኝ። በጣም ተጸየፍሁ።

በሚቀጥለው ፈረቃ፣ እንደ ልማዴ ዓይኔ ፈጦ ሳለ፣ የግቢው ቧንቧ እስስ ሲል ሰማሁ። ውኃው ከመምጣቱ በፊት አየሩን ይተፋል። ጋቢዬን ጥዬ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ወጣሁ። ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። በርሜሉን ሞላሁ፣ ጄሪካኑን ሁሉ ደረደርሁ። ከዚያ ፖፖውን በአመድ ፈትጌ ፈትጌ አጥቤ ጓሮ ግድግዳ ሥር ደፋሁት። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ስወድቅ ወገቤ ይቆረጣጥመኛል፣ እጄ በርዶ ቀልቷል። ያን ዕለት ማታ እንደ ልጅ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ ስማቸው ተመለሰ። የውኃ ቀን አለ፤ በማግስቱ የልብስ ቀን አለ፤ ከዚያ ግቢ የሚጠረግበት ቀን አለ። ውኃ ለመቅዳት መንቃት ስላለብኝ በጊዜ እተኛለሁ፤ በጊዜ ለመተኛት ቀን ማንቀላፋት ተውሁ። ውኃው በእጄ ስለሆነ ታጠብሁ። ዳቦ መደበቄ መቼ እንደቀረ አላስታውስም። ረቡዕና ዓርብም ወደ ቦታቸው ገቡ። ይህን ሁሉ የማደርገው ልጄ ሳትነሣ ወይም ቢሮ ስትሄድ ነው። ሠራተኛዋ ዐውቃ ዝም አለች፤ ለእሷም እንቅልፍ ነው። ልጄ ደግሞ ለባሏ «ክኒኑ ያዘላት» ስትለው ሰማኋት። ክኒኑ ካለቀ ሰንብቶ ነበር።

አንድ ጠዋት ለሥራ ጉዞ ማልዳ ተነሥታ ቧንቧው ሥር አገኘችኝ። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርሷል። «ኧረ በሞትሁት! እጅሽ! እጅሽ እኮ ረጥቧል!» ብላ ጮኸች። ሁለቱንም እጆቼን ይዛ በአንገት ልብሷ ጣቶቼን አንድ በአንድ ታደርቅ ጀመር፤ እያለቀሰች። ጎረቤት እንዳያይ ደግሞ በአጥሩ በኩል ታያለች። በዚያች ሰዓት ልጄን ተጸየፍኋት። ለማንም ብዬው አላውቅም፣ አሁን አልሁት። እንባዋ የውነት ነበር፤ ይበልጥ የቀፈፈኝም እሱ ነው። ለክፋት መልስ አለኝ፤ እንዲህ ላለው ፍቅር ምን ይመለስለታል?

ሳይውል ሳያድር ሮቶ አስገዛች። ከብረት ማማ ላይ ተሰቀለ፤ እኛ ተኝተን ራሱ ይሞላል፣ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። «እማዬ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ከእንግዲህ ውኃ አያሳስብሽም» አለችኝ። የሠፈር ሴቶች መጥተው እልል አሉ። እኔም ተመርቆ እንደ ተቀበረ ሰው ሶፋዬ ላይ ተቀመጥሁ።

የቀጣዩ ዓመት ክረምት ሳይወጣ አንድ ማለዳ እጄ ከትራሱ ሥር ገብቶ ለስላሳ ነገር ነካ። አወጣሁት፤ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቀለ ዳቦ ነው። መቼ እንዳስቀመጥሁት አላስታውስም። ያን ዕለት ረቡዕ ይሁን ሐሙስ አላውቅም ነበር። ዳቦውን እንደያዝሁ ቁርስ ወደሚበሉበት ክፍል ሄድሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ከልጄ ሳህን አጠገብ አስቀመጥሁት።

«የቤቴን ቁልፍ ስጪኝ» አልኋት።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«እናቷ አበደች ከሚሉሽ እናቷ ውኃ ቀዳች ይበሉሽ።»

ዳቦውን አየችው። አፏን በእጇ ያዘች። ባሏ ከሻዩ ላይ ቀና ሳይል «ስጫቸው» አላት። ቦርሳዋን ከፍታ ስትበረብር ቆየችና ቁልፉን መዳፌ ላይ ጣለችው። እስከ መነኻሪያ ሻንጣዬን ይዛ ከፊት ከፊቴ እየሄደች ሸኘችኝ።

ከሚኒባሱ ወርጄ ዳንግላ ላይ ጋሪ ያዝሁ። በሬን ስከፍት የወጣው ክርፋት ወደ ኋላ መለሰኝ። ጣራው አፍስሶ ፍራሼ በስብሷል። አይጥ በርበሬዬን በትኖ ኩሱን ከላዩ ጥሎበታል። የሸረሪት ድር ፊቴ ላይ ተለጠፈ። የባለቤቴ ጋቢ ውስጥ ፀጉር ያላወጡ የአይጥ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ፣ የማላውቀውን ሁሉ እየሰደብሁ፣ መጥረጊያ ፍለጋ ገባሁ። ሲመሽ ገና ግማሹ አልተጠረገም። ነገ ምን እንደምሠራ አወቅሁ።

ልጄ በየጠዋቱ ትደውላለች። ለረጅም ጊዜ በቁጣ ነበር። «በላሽ?» ትላለች፤ በላሁ። «ተኛሽ?» ትላለች፤ ተኛሁ። ስልኩን ትዘጋለች። እኔም ስልኩን አስቀምጬ ወደ ጌሾዬ እሄዳለሁ።

በቀደም፣ ከጎረቤት ያስመለስኋቸውን ዶሮዎች የውኃ ዕቃ እያጠብሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት።

«እማዬ» አለች ልጄ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

ከዚህ ቤት ከወሰደችኝ ቀን ጀምሮ ጠይቃኝ አታውቅም። ልመልስላት ስል ስልኩ ከጣቶቼ መካከል ሙልጭ ሊል ነበር።

«ቆይ፣ እጄ እርጥብ ነው» አልኋት።

«እሺ፣ ጨርሺ» አለች። «እጠብቃለሁ።»