በወይዘሮ ታንጉት እጅ የቆየው የሞላ ጌም

በጋሸና መገንጠያ ምግብ ቤት ከፍተው ለብዙ ዘመን መንገደኛ ሲያበሉ የኖሩት ወይዘሮ ታንጉት፣ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በትውልድ ቀያቸው፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ባለችው የገጠር ደብር፣ ዘመድ ወዳጅና የመስመሩ ሹፌሮች በተገኙበት ተፈጽሟል። እኔ ከላሊበላ ጋሸና ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝ፤ ዘመዳቸው አይደለሁም። ይህን የምጽፈው በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው አንድ ነገር ስለ ተወ ነው።

ታሪኩ ደህና ተጽፏል። መወለዳቸው፣ ማግባታቸው፣ ባላቸው ሲሞቱ ምግብ ቤቱን ብቻቸውን መያዛቸው፣ ለደብራቸው ጥላ መስጠታቸው ሁሉ ተነቧል። ስለ ጌም መጫወታቸው ግን አንዲት ቃል አልነበረችም። ጽሑፉን ያዘጋጀው የወንድማቸው ልጅ «በካህናት ፊት ስለ ጌም እንዴት ይነበባል?» አለኝ። አልፈርድበትም። ነገር ግን ከወልድያ እስከ ደብረ ታቦር ያለ ሹፌር «የትኛውን ጌም ላስጭን?» ብሎ የሚደውለው ለማን እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያን ትቼ ወይዘሮ ታንጉትን ማስታወስ አልችልበትም።

መሣሪያው የእሳቸው አልነበረም። ሞላ የሚባል የፍላቂት ልጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ምግቡ እስኪደርስለት ጥግ ይዞ የሚጫወትበት፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ትንሽ የጌም ማጫወቻ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ዱቄት ጭኖ ሊሄድ ሲነሣ ለእሳቸው ሰጣቸው። «እትዬ፣ መንገዱ አያስተማምንም፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ። ባትሪው እንዳይሞት አልፎ አልፎ ቻርጅ ያድርጉልኝ። ስመለስ እጨርሰዋለሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናውም እሱም አልታዩም። አየሁት የሚል ሰው የለም፤ ቀበርሁት የሚልም የለም።

እትዬ ታንጉት ቻርጅ ማድረግ ጀመሩ። ቻርጅ ሲያደርጉ ያበሩታል፣ ሲያበሩት ይነካኩታል፤ እንዲህ እያሉ ለመዱት። አደራ ነውና ግን ጨነቃቸው፤ ለንስሐ አባታቸውም ነገሯቸው። ቄሱ ጥቂት አስበው «የአደራ ላም የያዘ ወተቷን ይጠጣል፤ ጥጃዋን ግን አይሸጥም» አሏቸው። ይህን ቃል እንደ ሕግ ያዙት። ጨዋታው ተጫዋች የደረሰበትን የሚያስቀምጥባቸው ሦስት ቦታዎች አሉት። የመጀመሪያው የሞላ ነው፤ አይነካም። እሳቸው በሦስተኛው ይጫወታሉ። መካከለኛው ለምን ባዶ እንደ ቀረ ስጠይቃቸው «ጎረቤትም ቢሆን አጥር ያስፈልገዋል» አሉኝ።

እንዲህ እያሉ የጌም አዋቂ ሆኑ። የሚወዱት እየዘለሉ፣ እየተንጠላጠሉ የሚታለፍበትን ዓይነት ነበር። ተኩስ ያለበትን «እሱን ጠግበናል» ብለው አይነኩትም። ሹፌሮች ከደሴና ከአዲስ አበባ በሚሞሪ ካርድ እያስጫኑ ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው ምስር እንደሚለቅም ሰው ጥሩውን ከመጥፎው ይለያሉ። «መዝለልማ ሁሉም ያዘልላል፤ አንተ አወዳደቁን እይልኝ» ይሉ ነበር። ለእሳቸው መልካም ጌም ማለት ስትወድቅ ጥፋቱ የራስህ መሆኑን የምታውቅበት፣ ወድቀህም ከወደቅህበት አጠገብ የሚያስነሣህ ነው። «ከሥር ጀምር የሚል ጌም ሰው ያስመርራል። እሱንስ ኑሮም ያደርገዋል።» ሥዕሉ ደምቆ ባትሪ የሚጨርሰውንም አይወዱም፤ የጋሸናን መብራት ማን ያምናል?

ምክራቸው እንደ ሰዉ ነበር። ነዳጅ ወረፋ ለሚጠብቅ ሹፌር ደረጃዎቹ አጫጭር የሆኑትን፣ ወረፋው ሲንቀሳቀስ መሐል ላይ አቁሞት ሊነሣ የሚችለውን ይመርጡለታል። እኔ፣ ስክሪኑ ራሱ ወደ ፊት እየሮጠ ተጫዋቹን የሚያባርርበት አንድ የባቡር ጌም አይቼ ጓጓሁ። ከእጄ ወሰዱት። «ቀኑን ሙሉ የምትሮጠው አይበቃህም? ለአንተ የእንቁራሪቷ ነው» አሉኝ። የእንቁራሪቷ ዝላይዋ ቀስ ያለ፣ መርገጫው ሰፊ፣ ጽሑፍ የሌለበት ጨዋታ ነው። የሕፃን ነገር ሰጡኝ ብዬ አኩርፌ ጀመርኩት፤ ዛሬ ጀማሪ ሲጠይቀኝ ከእሱ ሌላ አልመክርም።

ጎብኚ በጠፋበት ዘመን፣ ላሊበላ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አንድ አስጎብኚ ወዳጄን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ከሰው መነጋገር ትቶ ነበር። ሽሮ አቀረቡለትና ሲበላ ቆመው አዩት። «ለዚህ ጠላት የሌለበት ነው የሚሆነው» አሉና አንዲት ቀበሮ በዝናብ ከዛፍ ዛፍ የምትዘልበትን ሰጡት። ሽንኩርት ሲከትፉ የነበሩበትን እጅ በሽርጣቸው ጠርገው አጠገቡ ተቀመጡ። «አትቸኩል። ቅርንጫፉ ይወዛወዝ፤ ወዳንተ ሲመጣ ነው መዝለል» እያሉ አሳዩት። ሰውየው ደጋግሞ ወደቀ፤ ደጋግመው «አይዞህ፣ ቅርብ ነህ» አሉት። ያን ዕለት በመኪናዬ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። መሣሪያውን አብርተው የሞላን ቦታ ይከፍታሉ። ፋኖስ የያዘ ትንሽ ሰው ከጨለማ ገደል አፋፍ ቆሟል፤ ሞላ እዚያ አድርሶት ነው የሄደው። ማንም ካልነካው ጥቂት ቆይቶ አንገቱን ያዞራል፣ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላው ያያል፣ ተመልሶ ይቆማል። እትዬ ታንጉት ጣታቸውን ከቁልፎቹ አርቀው ያዩታል። «ዛሬም ቆሟል» ይሉና ያጠፉታል።

እኔ ያን ማየት አልወድም ነበር። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ቁልቁል ስነዳ፣ ጭጋጉ ሲወርድ፣ መብራት ይዞ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ያየሁ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ፍሬን ረግጫለሁ። ይህን ስነግራቸው አልሳቁብኝም። «እኔም በሬ ላይ የሚቆም መኪና ሁሉ የእሱ ይመስለኛል፤ ሳህን ይዤ እወጣለሁ» አሉኝ።

«ለእናቱ ለምን አይሰጧቸውም?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። የሞላ እናት ወይዘሮ የሺ የሚኖሩት ፍላቂት ነው። ልጅሽ ሞተ ብሎ መርዶ የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም አላለቀሱም። በእኛ አገር የጠፋ ልጅ ዕቃ ለእናቱ ከተመለሰ ሌላ መርዶ አያሻትም። «ብሰጣት ልጇን ገደልኩባት፤ ብይዘው አደራ በላሁ» አሉኝ እትዬ ታንጉት። «አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?»

ወይዘሮ የሺ ዕቃው የት እንዳለ ያውቁ ነበር። ወደ ወልድያ ሲያልፉ ይገባሉ፣ ይበላሉ፣ ስለ ውርጩና ስለ ገብሱ ያወራሉ። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሡ «ያ የልጄ ዕቃ ይሠራል?» አሉ።

«ይሠራል፣ እህቴ» አሉ እትዬ ታንጉት።

«እንግዲያ ደግ። ሲመጣ ያገኘዋል።»

«ያገኘዋል እንጂ።»

ከዚያ ወደ ገብሱ ተመለሱ።

እትዬ ታንጉት ሲታመሙ ልጠይቃቸው ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንፋሽ እያጠራቸው «ስሞት አንተ ቻርጅ ታደርገዋለህ። ለየሺ እንዳትሰጣት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። «እስክሞት ግን ከእኔ ጋር ይቆይ» ብለው ከትራሳቸው ሥር ከተቱት። በማግሥቱ መንገድ ላይ ሳለሁ መሞታቸው ተደወለልኝ።

ነገሩ የሆነው በለቅሶው ላይ ነው። እንደ ልማዳችን የሟች ዕቃ ወጥቶ በአልቃሾች መሐል ተያዘ። ነጠላቸው ወጣ፣ ፎቶግራፋቸው ወጣ። ከላሊበላ የመጣች የእህታቸው ልጅ፣ ስለ አደራው ምንም የማታውቅ፣ «አክስቴ ከእጇ የማትለየው ይህን ነበር» ብላ የጌም ማጫወቻውን ነጠላው ላይ አድርጋ ወጣች። አልቃሿም ግጥም ሰጠችለት። እኔ ከወንዶቹ ወገን ቆሜ አየሁ፤ ልድረስ ብል በመካከላችን ሕዝብ ነው። ወይዘሮ የሺ ከፍላቂት መጥተው ከሴቶቹ ፊት ቆመው ነበር።

እጃቸውን ዘርግተው መሣሪያውን ከነጠላው ላይ አነሡት። ሞላ በፕላስተር የጠቀለለውን የተሰነጠቀ ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። ያገኙት በለቅሶ መሐል፣ ከሟች ዕቃ ጋር ነው። እንደ ለቀስተኛ የለበሱትን ነጠላ ፈትተው እንደ ባለሐዘን ወገባቸው ላይ አሰሩት። «ሞላዬ» አሉ፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ኋላ የማዶው ተራራ እስኪመልሰው። ለእትዬ ታንጉት ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች ዞረው ከበቧቸው፤ አልቃሿም ስሙን ጠይቃ ግጥሙን ወደ እሱ መለሰችው። ተዉ፣ ሞቱ አልተረጋገጠም ለማለት ከመካከላችን የደፈረ የለም። ያን ቀን በአንድ ድንኳን ለሁለት ሰው ተለቀሰ።

እትዬ ታንጉት፣ እንዳትሰጣት ያሉኝን እርስዎ ሞተው ሰጧቸው። ለስንት ዓመት በአፍዎ ያልወጣውን መርዶ በራስዎ ለቅሶ ነገሯቸው። አደራ በላ የሚልዎት የለም፤ ዕቃው ከእነ ነፍሱ ለእናቱ ገብቷል። ወይዘሮ የሺ ባለፈው ሰሞን ደውለውልኝ «ታንጉት ብትኖር እሷን እጠይቅ ነበር። ባትሪው እያለቀ ነው፤ ልሙላው ወይስ ልተወው?» አሉኝ። ይሙሉት አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

እንግዲህ በሰላም ይረፉ፣ እትዬ። ሞላን እዚያ ካገኙት እናቱ እንዳለቀሱለት ይንገሩልን። ካላገኙት ግን፣ እባክዎ፣ በሕልምም ቢሆን መጥተው ያሳውቁን፤ በሕይወት ላለ ሰው አልቅሰናልና።