ጋሼ ሚስማር ጥናት ሲገባ

የእህቴ ባል ጫማ ሰፊ ነው። ሲሠራ ሚስማር በጥርሱ ነክሶ ስለሚያወራ ሰፈሩ «ሚስማር» ይለዋል፤ እኔ ታናሽ ስለሆንኩ «ጋሼ» እጨምርበታለሁ። ታሪኩን ልጻፈው ስለው «ጻፈው፣ ግን አታሳምረው» አለኝ። ማሳመሩን ብፈልግም አልችልበትም።

በግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር አንድ ጥቁር መስመር ወጣ። ሚስማር የሚይዝበት ጣት ነው፤ መዶሻው በሳተ ቁጥር የሚቀምሰው እሱ ነው። ስለዚህ «መዶሻ ነው» አለ። ምናልባት ቀለም ይሆናል ብሎም በቤንዚን አሸው። እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት ከረመ።

«መዶሻ ቢሆን ኖሮ ጥፍሩ ሲያድግ ይዞት ይወጣ ነበር» አለችው እህቴ። «ይሄ ግን ቤት እንደተከራየ ሰው አልወጣም አለ።»

በግድ ሆስፒታል ወሰደችው። ያየችው ሐኪምም ያለችው ይህንኑ ነው፣ ከኪራዩ በቀር። ናሙና ተወስዶ ሜላኖማ ተባለ፤ የቆዳ ካንሰር ሆኖ በጥፍር ሥር የሚበቅል፣ ብዙ የማያጋጥም ዓይነት። ጣቱ እስከ መጀመሪያው አንጓ ተቆረጠ። ጋሼ «እንግዲህ መዶሻው ቢስትም የሚያገኘው የለም» እያለ እኛኑ ያጽናናን ጀመር። ሚስማሩንም በጉጠት መያዝ ለመደ።

ለምርመራ ከብብቱ በተወሰደች ንፍፊት ውስጥ ግን ትንሽ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሟ ስታስጠራው ብቻውን ገባ፤ እህቴ መድኃኒት ቤት ተሰልፋ ነበር።

«የሰውነትን የራሱን መከላከያ የሚቀሰቅስ መድኃኒት አለ» አለችው። «ለእርስዎ ዓይነት ሕመም ምን ያህል እንደሚሠራ ገና በደንብ አይታወቅም። ስለዚህ ጥናት ጀምረናል፤ ቢገቡበት ደስ ይለኛል። አንድ ዓመት፣ በየሦስት ሳምንቱ ይመጣሉ።»

«ጥናት?» አለ ጋሼ። «ፈተናም አለው?»

ሐኪሟ ስለ መድኃኒቱ ስቃይ የጠየቃት መሰላት። «ፈተናማ አይጠፋውም። ግን ብዙዎቹ ያልፉታል።»

አመስግኖ ወጣ። በቀጠሮው ቀን አልሄደም፤ በሚቀጥለውም ቀረ። ለእህቴ «መድኃኒቱ አልገባም» አላት።

ከሆስፒታል ነርስ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው እህቴ ናት። በቀጥታ ሱቁ መጣች። እኔ የጫማዬ ሶል እስኪለጠፍልኝ በካልሲ ተቀምጬ ነበር።

«መድኃኒቱ ገብቶ አንተን እየጠበቀ ነው አሉ። አንተስ ምን እየጠበቅክ ነው?»

ጋሼ ሚስማሮቹን ከአፉ አወጣ። «በዚህ ዕድሜዬ ክፍል ገብቼ ልማር? ደግሞ ፈተና አለው። ብወድቅ መድኃኒቱን ሊከለክሉኝ ነው?»

እኔ ካልሲዬን አየሁ።

«ስምንተኛ ጨርሻለሁ ያልኩሽ… አራተኛ ላይ ነው ያቋረጥኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጫጨን ሰሞን። ወረቀት በሰጡህ ቁጥር መነጽሬን ረሳሁ ትላለህ። መነጽር ኖሮህ አያውቅም።»

ከዚያ ሳቅ ያዛትና የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እንባዋን ስትጠርግ የሳቅ ብቻ አልመሰለኝም። «አንተ ሰውዬ፣ የሚያጠኑት እነሱ ናቸው። አንተ ደብተሩ ነህ።»

በማግሥቱ አብረው ሄዱ። ሐኪሟ የስምምነቱን ወረቀት መስመር በመስመር አነበበችለት፤ ድካም፣ ማሳከክ፣ ተቅማጥ ሊኖር ይችላል። ይድናሉ ብላ ቃል አልገባችም። መጨረሻ ላይ «በፈለጉት ቀን ማቋረጥ ይችላሉ፤ ክትትልዎ አይቀርም» አለችው።

«እሱን እንኳ ለኔ ተይው ልጄ፣ ልምድ አለኝ» አለና ፊደል በፊደል ፈረመ።

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛውን መድኃኒት ወሰደ። ቆዳው ያሳክከዋል፤ ከሰዓት በኋላ እየደከመው ሱቁን በጊዜ ይዘጋል። ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነ ለማየት ሆስፒታል የሚነሳው የውስጥ ፎቶ እስካሁን ንጹሕ ነው። ሐኪሟ ስትነግረን «እስካሁን» የምትለዋን ቃል አትዘልም፤ እኛም አንዘላትም።