ሦስት ቀን የሚፈልግ ባቄላ

ሲይዙኝ ኪሴ ውስጥ የተገኘው የሕፃናት ክንድ መለኪያ ጥብጣብ ብቻ ነበር። ስልኬን ቀድመው ወስደውታል። ፈታሹ ጥብጣቡን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ቀዩን፣ ቢጫውንና አረንጓዴውን እያገላበጠ አየ።

«ይሄ ደግሞ የምን ዓርማ ነው?»

«ዓርማ አይደለም። የልጆች ክንድ የምንለካበት ነው። ቀዩ ላይ ከወደቀ ልጁ ክፉኛ ከስቷል ማለት ነው።»

ትንሽ አሰበና መልሶ ኪሴ ከተተልኝ። «በል ያዘው። ያሳሰረህም እሱ ሳይሆን አይቀርም» አለ።

አልተሳሳተም። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ወደ ተከዜ በሚወርደው በአበርገሌ ቆላ ስዞር ከርሜ የለካሁትን ይዤ ሰቆጣ ስብሰባ ላይ ቀረብኩ። ወረቀቱ ላይ «የምግብ እጥረት ስጋት» ተብሎ የተጻፈውን ትቼ «ረሃብ ነው» አልኩ። ከመግባቴ በፊት አንድ ወዳጄ በር ላይ ይዞኝ «ዝም አይነቅዝም» ብሎኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ እኔ አፌ አያርፍልኝም። በሦስተኛው ቀን ከቢሮዬ ወሰዱኝ። ሐሰተኛ ወሬ በማሰራጨት ጠርጥረንሃል አሉኝ።

ያስገቡኝ ከተማው ዳር ካለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም። የነቀዘ ማሽላ፣ የጆንያ አቧራና የአይጥ ሽንት ይሸታል። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ካሉት ሦስት ቀዳዳዎች ነው። ቆርቆሮው ቀን ይግላል፣ ማታ ደግሞ ብርዱ ከሲሚንቶው ተነስቶ አጥንት ይገባል። በወለሉ ስንጥቅ ነቀዝ ሲርመሰመስ አየሁና ያ ወዳጄ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስድስት ሰዎች ነበሩ፣ እኔ ሰባተኛ ሆንኩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ቦታ እየለቀቀልኝ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የምግብ ባለሙያ ነኝ።»

«እሰይ! ታዲያ ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ምሳው እንደ ትናንቱ ዳቦና ስስ ሽሮ ነበር። ሑዳዴ ተጋምሶ ነበርና ቅቤ ካልነካው ሽሮ በቀር የምንጠብቀውም አልነበረም።

ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ዳቧቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው አልነኩትም። ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ስለሚሏቸው እስረኛውም ጠባቂውም የኔታ ይላቸዋል። ጥፋታቸው እንግዳ ማሳደር ነው። «ለማን ነው እራት የሰጠኸው?» ሲሏቸው «ለራበው» አሉ። «ስሙስ?» ቢሏቸው «ራበኝ አለኝ እንጂ ስሙን አልነገረኝም» ብለው መለሱ። ሾፌሩ ይህን ቃላቸውን ለገባ ለወጣው ሁሉ እየደጋገመ ይተርከዋል።

የኔታ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካልሞላ አይቀምሱም። ሰዓቱን የሚያውቁት በግድግዳው ላይ በሚሄደው ብርሃን ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት ተቅማጥ ይዟቸው ሰንብቷል። በማግስቱ ጠጋ ብዬ እግራቸውን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። የጣቴ ጉድጓድ ሳይሞላ ቆየ። ጥርሳቸው ረግፏል፣ ዳቦውን ሲያላምጡ ድዳቸው ይደማል። ጥብጣቤን አውጥቼ ክንዳቸው ላይ አዞርኩት። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የተሠራ መለኪያ ዙሪያውን ገጠመ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«አረንጓዴ ላይ ነው፣ የኔታ። ግን ይሄ የልጅ ነው።»

«አረንጓዴ ካለ ምን ትጨቃጨቃለህ? ደህና ነኝ ማለት ነው» አሉና ፈገግ አሉ።

የዚያኑ ቀን ባለቤታቸው ስንቅ አመጡላቸው። ጠባቂው ከረጢቱን ዘርግፎ በረበረና መልሶ አቀበላቸው። ጥሬ ባቄላ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

«የኔታ» አለ ሾፌሩ፣ «ባለቤትዎ የታሰረው ፈረሱ መሰላቸው እንዴ?»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። የኔታም ሳቁ። እኔን ግን አናደደኝ። ጥርስ ለሌለው በሽተኛ ጥሬ ባቄላ! የባለቤታቸውን ስም ባላውቅም በልቤ ወቀስኳቸው።

«እሷ ታውቃለች» አሉኝ፣ ፊቴን አይተው። «ቆሎ ብትልክ አልበላው። ይሄን ግን በቆልት አደርገዋለሁ።»

ባቄላውን አፉ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ዘፈዘፉት። በማግስቱ አጠለሉት፣ በራሰ የነጠላ ቁራጭ ጠቀለሉትና ሙቀት እንዲያገኝ ከጋቢያቸው ሥር ሆዳቸው ላይ አስተኙት። ጠዋትና ማታ ውሃ እያርከፈከፉ ይገላብጡታል።

«መቼ ይደርሳል?» አልኳቸው።

«ዘፍዝፈህ፣ ጠቅልለህ፣ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሲያቆጠቁጥ ይለሰልሳል፣ ድድም ያድናል።»

እኔ ይህን በኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ያቆጠቆጠ ጥራጥሬ ቫይታሚን ሲ እንደሚያወጣ፣ የሚደማ ድድም የሚፈልገው እሱን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ከልባቸው ሰሙኝ። «እንዲያ ይባላል እንዴ? እኛ በቆልት ነው የምንለው» አሉ። ሾፌሩ ከጥጉ ሆኖ ሳቁን ለቀቀብኝ።

እኔም አልተሸነፍኩም። «የኔታ፣ እንዲህ ከስተው እስከ ዘጠኝ መቆየትዎ ግን ሰውነትን መበደል አይሆንም?»

«ሰውነትማ አደራ ነው ልጄ። ጾም አደራውን ማጥፋት አይደለም። ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ተልባውን ለዚህ ሰጠን። በባቢሎን የተማረኩት ልጆች የንጉሥ ማዕድ ትተው ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው አልገረጣም። እኔን ያከሳኝ ጾሙ መሰለህ? ይሄ መጋዘን ነው።»

ሐሳቤ ግን አልተቀየረም። እግራቸውን እያየሁ ሦስት ቀን ሩቅ መሰለኝ፤ እዚሁ ዐይኔ እያየ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። በሽተኛን እየሸኙ ቁጭ ማለት አልወድም፣ ሙያዬም አይፈቅድልኝም።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ያውቀኛል። ሕፃን ልጁ ታማ አክሜለት ነበር። ባቄላው በተጠቀለለ ቀን ሽንት ቤት ሲወስደኝ አንድ ትንሽ ከረጢት አልሚ ምግብ እጄ ላይ አደረገ። ለከሱ ልጆች የምንሰጠው የለውዝ ቅቤ የሚመስል ልቁጥ ነው።

«ወተት አለበት፣ ጾመኛ ከሆንክ ተወው። ለማንም እንዳትናገር ብቻ» አለኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሾፌሩ ከስንቁ ያካፈላቸውን የየኔታን በሶ እኔ ልበጥብጥ ብዬ ተቀበልኳቸው። ጀርባዬን አዙሬ ከረጢቱን ቀድጄ ግማሹን አገባሁበት።

«በሞቴ የኔታ፣ አንዴ ይጠጡልኝ።»

ባርከው ጠጡት። «ዛሬስ ጣፈጠኝ። ምን አደረግህበት?»

«ለውዝ ነው።»

«እጅህ ይባረክ!» አሉኝ።

ያን ቀን ምርቃቱ ከበደኝ። ግን ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። አዳንኳቸው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀት አለ። ከላይ በሌላ ወረቀት ሸፍኖ የፊርማው ቦታ ብቻ እንዲታይ አድርጎታል። ድምፁ ቁጣ የለበትም።

«ሪፖርቱ ስህተት ነበር ነው የሚለው። ፈርምና ቤትህ ግባ።»

«ላንብበው?»

«አንብበህ ምን ያደርግልሃል? ለራስህ ጥቅም ብለን ነው እኮ። ብንነግርህ እምቢ ትላለህ።»

እኔ ሌላ አልሰማሁም። በሶውን ስበጠብጥ ለራሴ ያልኩትን ቃል በቃል አለው። ለራሳቸው ጥቅም ነው፣ ብነግራቸው እምቢ ይላሉ። እስከ ነገ ላስብበት ብዬ ለመንኩት፣ ፈቀደልኝ።

ተመልሼ የኔታ ፊት ቁጢጥ አልኩ። «ትናንት የበጠበጥኩልዎ በሶ ወተት ያለበት ነገር ነበረው» አልኳቸው። ሌላ ማስተባበያ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

ጋቢያቸውን ከራሳቸው ገለጥ አድርገው አዩኝ።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ደግሞ።»

«ይፈቀዳል። ብትነግረኝ ወደ ንስሐ አባቴ እልክ ነበር፣ ምናልባትም ጠጣ ይሉኝ ነበር። አንተ ግን ሳልጠየቅ አጠጣኸኝ።» ድምፃቸውን አላነሱም። «እዚህ ስገባ መቋሚያዬን ወሰዱ። ዳዊቴን ወሰዱ። መቼ እንደምተኛ፣ መቼ እንደምሸና እነሱ ናቸው የሚነግሩኝ። አፌ ብቻ ነበር የቀረልኝ። ምን እንደሚገባበት የማዘው እኔ ነበርኩ።»

አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ግድግዳውን ይዘው ተነሡና በዚያ ባበጠ እግር ይሰግዱ ጀመር። በየስግደቱ ጉልበታቸው ሲሚንቶውን ሲመታ እሰማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ደረሰ። የኔታ ግን ዳቦም አልቀመሱ፣ በሶም አልጠየቁ።

ሾፌሩ በጆሮዬ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለኝ።

«ተወኝ እባክህ።»

«እኔስ ተውኩህ። እሳቸው ዳግመኛ ባይበሉስ?»

እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው። ላድናቸው ብዬ ጨርሶ ከምግብ ለየኋቸው። የልጆቹን ክንድ ስለካ እንኳ እንደዚያ አልጨነቀኝም፤ እነሱን ያከሳኋቸው እኔ አይደለሁም።

ስግደታቸውን ጨርሰው ሲቀመጡ ከጋቢያቸው ሥር ጥቅሉን አውጥተው ፈቱት። ባቄላው ሁሉ ነጭ ጭራ አውጥቷል። እርጥብ፣ የአዲስ አፈር ሽታ ያለው ነገር ነው። ከዚያ ቀና ብለው እኔን ጠሩኝ።

«ና። ጥርስ የለኝም። ልጣጩን ላጥልኝና አድቅቀህ ስጠኝ።»

«እኔ?»

«አንተ። ሌላ ባለሙያ አለን እንዴ?»

ያ የሚያውቀኝ ጠባቂ የፈላ ውሃ አቀበለኝ፣ ባቄላውን አረፍ አደረግሁበት። አንድ በአንድ ልጬ በማንኪያ ጀርባ አደቀቅሁት፣ ጨው ነሰነስኩበት። ሳህኑን ከመስጠቴ በፊት ያለበትን ሁሉ ተናገርኩ።

«ባቄላ ነው። ውሃ ነው። ጨው ነው። ይበላሉ የኔታ?»

«እበላለሁ።»

ባርከው ከእጄ ተቀብለው በሉ። ከዚያ የቀረውን ይዘው እያንዳንዳችንን በየተራ «ትበላለህ?» እያሉ ጠየቁን። ሾፌሩ ተራው ሲደርስ «እንደ ፈረስም ቢሆን እበላለሁ» አለ። እኔን መጨረሻ ላይ ጠየቁኝ። የበላሁት ሦስት ፍሬ ነው። ለስላሳ፣ ጥቂት መረር የሚል፣ መጨረሻው የሚጣፍጥ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው እንደገና ጠራኝ። ወረቀቱን ካላነበብኩ አልፈርምም አልኩ። ተቆጣ፣ በኋላ ሰለቸውና ገፍቶ ሰጠኝ። አንብቤ ጨረስኩና እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድሜ አስቀመጥኩት። «የለካሁት ይሄን አይደለም» አልኩ። ጀግና ነበርኩ አልልም። ወደ መጋዘኑ ስመለስ የኔታ ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁኝም። «ባቄላ ተርፏል» አሉኝ።

እሳቸው ለሆሣዕና ተፈቱ፣ እኔ ከፋሲካ በኋላ። ለምን እንደታሰርን ለምንስ እንደተፈታን የነገረን የለም። ሥራዬ ላይ ነኝ፣ አሁንም ክንድ እለካለሁ። እናቶች ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ግን ከጥብጣቡ በፊት «ቤት ውስጥ ምን ትበላላችሁ? ምን ትጾማላችሁ?» እላለሁ። ድሮ ይህን ሳልጠይቅ የአልሚ ምግቡን ከረጢት አስታቅፌ እሸኝ ነበር። በጾም ወራት ኩሽናዬ ውስጥ በራሰ ጨርቅ የተጠቀለለ ባቄላ አይጠፋም። ባለቤቴ ሽታውን አትወደውም፣ ቻል አድርጋዋለች።

በተፈታሁ በሳምንቱ፣ ገና በዓለ ኃምሳ ሳይወጣ፣ አንድ ጆግ ወተት ይዤ የኔታ ቤት ሄድኩ። መቋሚያቸው ተመልሶላቸዋል። ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ያዜማሉ፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ምስር ይለቅማሉ። እግራቸውን አየሁት፣ ጎድሏል።

«የኔታ» አልኳቸው፣ «ወተት ይዤ መጥቻለሁ። ይጠጣሉ?»

«አሁን ጠየቅኸኝ» አሉ። «ስጠኝ።»

እስከ ጭላጩ ጠጡት። አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አሉኝ። «ያ በሶ ግን ይጣፍጥ ነበር።»