ወንድሜን ሲኦል ያስገባው ሰውዬ አስነጠሰው

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር ተጣላሁ። ያውም በገዛ ወንድሜ ለቅሶ። ይፈረድብኝ፣ ግን መጀመሪያ ስሙኝ።

ወንድሜ ጌታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ጉም ውስጥ መኪናው ተገልብጦ እዚያው ሞተ። ይጠጣ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ይሳለማል እንጂ ቅዳሴ ሲያስቀድስ አይቼው አላውቅም። ግን ከመዘዞ ገበያ የምትመለስ ሴት ዝናብ ሲመታት ካየ ጥሏት አያልፍም፣ ከነበጓ ጋቢና ያስገባት ነበር። ጋቢናህ በግ በግ ይሸታል እያልን እንስቅበት ነበር።

እናቴ ከቀብሩ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው... «ልጄ ንስሐ ሳይገባ ነው የሄደው። አሁን የት ነው ያለው?» ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ትጠይቃለች። ሰውም «እግዜር ያውቃል፣ ያጽናሽ» ይላትና ንፍሮውን ዘግኖ ይቀመጣል።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ዘነበ መጣ። ከጌታቸው ጋር ስንት ዓመት አብረው ሲጠጡ ኖረው፣ እሱ አምና ጠበል ገብቶ መጠጡን እርግፍ አድርጎ ተወ። ጥሩ አደረገ፣ እኛም ደስ ብሎናል። ግን ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል... የሚድንና የማይድን።

እናቴ እሱንም ጠየቀችው።

አንገቱን ደፋ አድርጎ «እያዘንኩ ነው የምነግርዎት እማማ» አላት። «ያለ ንስሐ የሞተ ሰው መቼም... ቦታው ሲኦል ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ መጽሐፉ ነው።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«ጋሽ ዘነበ፣ እግዜር ቸር ነው አይደል?» አልኩት።

«እንዴታ።»

«እናቴ ጌታቸው ሰክሮ ሲመጣ ስንት ጊዜ በር ከፍታለታለች? መቼም ታውቃለህ፣ ደግፈህ የምታመጣው አንተ ነበርክ።» ጥግ ላይ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። «አንድ ቀን ደጅ አሳድራው አታውቅም። እግዜር ለዘላለም እሳት ውስጥ ከዘጋበት፣ እናቴ በደግነት በለጠችው ማለት ነው። እኔ ይሄን አልቀበልም። ክህደት ከሆነም ይሁን።»

«ቸርም ነው፣ ፈራጅም ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ታዲያ ይፍረድ። አንተ ግን ተውለት።»

የንስሐ አባታችን እዚያው ተቀምጠዋል። ያግዙኛል ብዬ ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። በጣም ተናደድኩባቸው።

ጋሽ ዘነበ ሊያስተምረን ጣቱን አነሳ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ላይ ድንኳኑ በአንድ በኩል ክፍት ነው። «ገሃነመ እሳት ማለት እኮ...» ብሎ ሊቀጥል ሲል አስነጠሰው።

«ይማርህ» አለች እናቴ።

«ያኑርዎት» አለ እሱ።

ሁለቱም አስበውት አይደለም። ሰው ሲያስነጥስ ከአፋችን የሚወጣው ይኸው ነው። እናቴ ግን የተናገረችውን ገና አሁን የሰማችው መሰለች፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ዘነበ... አሁን ምን አልኩህ?»

«ይማርህ ነዋ ያሉኝ።»

«ማን ነው የሚምርህ?»

«እግዜር» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ልጄን ሲኦል ላስገባብኝ ሰው፣ ለአንድ ማስነጠስ ይማርህ አልኩ» አለች። «ልጄ መኪናው ሲገለበጥ አንዴ የእግዜርን ስም ሳይጠራ አይቀርም። እሱ ታዲያ ሰምቶ ዝም አለው?»

ይሄኔ የንስሐ አባታችን መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እኛስ ፍትሐቱን ያደረስነው ማረው ብለን ስንለምን አይደል?» አሉ። «ያለቀለት ነገር ቢሆን ያን ሁሉ ሰዓት ምን አቆመን?» ከዚያ ንፍሮ ዘገን አደረጉና እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጡላት። «በይ ቅመሺ።»

ቀመሰች። አንድ አንድ ፍሬ እያነሳች፣ እያለቀሰች በላች። እኔም ከቀብሩ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ።

ጋሽ ዘነበ ሊሄድ ሲነሳ ደግሞ አስነጠሰው። አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ንፍሮው አፏ ውስጥ እያለ «ይማርህ» ያለችው አሁንም እናቴ ናት፣ እኔን ገልመጥ አድርጋ።

ሲኦል የለም አላልኩም። የማላውቀውን አልከራከርም። ግን የወንድሜን ቦታ እናቴ ፊት የሚናገር ሰው ከመጣ ነገም እጣላለሁ፣ ድንኳንም ይሁን ቤተ ክርስቲያን።

የጋሽ ዘነበ ጉንፋን እስካሁን አልለቀቀውም አሉ... እግዜር ይማረው፣ እኔ ግን ገና ነኝ።