ያጨበጨብነው ለእንግዳ ነው

ፓርላማ የላክነው ሰውዬ ከተመረጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈራችን ሹም አቦ ብቅ ያለ ቀን፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግሁ። ሰብሳቢው የመረጠኝ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተረፈኝም እሱ ነው።

አጀንዳው እናቴ አሳ የምትሸጥበት የሐይቅ ዳር ነበር። ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ በጀልባ የሚመጣውን ተቀብላ፣ እዚያው ቅርፊቱን ፍቃ ትሸጣለች፤ እኔን ያስተማረችኝ በዚያ ነው። አሁን ታጥሮ መናፈሻ ሊሆን ነው ተባለ።

ሰውዬው ተናገረ። ስለ ልማት፣ ስለ ከተማ ገጽታ፣ ስለ ራእይ፤ ስለ አሳ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አንቀላፍተው ሁለት ጊዜ ነቁ። ሲጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴ ደግሞ መዳፏ እስኪቀላ!

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ፣ «ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ማን አጸደቀው?»

«አልሰማሽም እንዴ? ቤቱ ተናወጠ እኮ!»

ወደ እናቴ ዞርሁ። «እማ፣ ምን ብለሽ ነው ያጨበጨብሽ?»

«እንግዳ አይደሉም እንዴ? ያን ያህል ደክመው ተናግረው ዝም ይባላል?»

«ቦታሽን እኮ ነው ያስረከብሽው!»

«ኧረ በማርያም! በጭብጨባ?»

እንዲህ ነን። በምርጫው ቀን ገና ሳይነጋ ተሰልፈን ድምፃችንን ሰጠን፤ የቀረን መዳፋችን ነበር፣ እሱንም ለይሉኝታ አዋልነው። የናቅሁት ሰውዬውን ብቻ አልነበረም።

ተነሣሁ። «ክቡርነትዎ፣ ጸደቀ ብዬ አልጽፍም። ሰው ያጨበጨበው ለእንግድነትዎ ነው።»

«የአሳ ሻጯ ልጅ ተነሣች!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

ሰውዬው ፈገግ አለ። «እህቴ፣ እኔን እኮ ሕዝቡ ወክሎኛል።»

«የወከለዎት እንዲጠይቁለት ነው። እርስዎ ግን ሊነግሩት መጡ።»

«አንቺ ጸሐፊ ነሽ፤ ተቀመጭ!» አለ ሰብሳቢው።

ተቀመጥሁና ጻፍሁ፦ «ተሰብሳቢው ለእንግዳው አጨበጨበ። ስለ አጥሩ አልተጠየቀም።» ሰብሳቢው አንብቦ ወረቀቱን ሊቀደው ሲል እናቴ ብድግ አለች።

«እንግዲያው አሁን ይጠየቃ! አጥሩን የሚፈልግ እጁን ያውጣ!»

የወጣው የሰብሳቢው እጅ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ክርኑ። ወረቀቱን ከሰብሳቢው ነጥቄ ያየሁትን እንዳለ ጻፍሁ፦ አንድ እጅ፣ እስከ ክርን።

የሰውዬው መኪና ውጭ ሞተሩ ተነሥቶ እየጠበቀው ነበር። ቃለ ጉባኤውን አቀረብሁለት፤ ሳያነበው ፈረመበት። ንግግሩ ያን ሁሉ ሰዓት በላ፣ ለሕዝቡ መልስ ግን ዓይኑን እንኳ አላዋሰም።

በሩ ላይ እናቴ ከኋላው ተከትላ፣ «ውይ፣ አሳ ሳይቀምሱ ሊሄዱ ነው?» ስትለው ነጠላዋን ይዤ ጎተትኋት።

«ተይው፣ እማ። ነገ እዚያው የምትሸጭው ነው።»