የቆቃ መንገድ ጣውንቶች

ትናንት ቆቃ ላይ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ቆሞ የዓሣ ጥብስ ሽታ በመስኮት ሲገባ ደሜ ፈላ። ልጅ ሳለሁ እናቴና ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ እዚሁ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ዓሣ ይጠብሱ ነበር። በደንበኛ ሽሚያ ተጣልተው፣ ባል ሳይጋሩ «ጣውንቴ» ይባባሉ ነበር።

አንድ ቀን ደንብ አስከባሪዎች የአዴ ጫልቱን ዓሣ አፈር ላይ ደፍተው፣ እሳቸው ልጆቻቸውን የሚያበሉበትን መጥበሻ ሊወስዱ ሲሉ እናቴ ዘላ እጀታውን ያዘች።

«ምንሽ ናት?» አላት አንዱ።

«ጣውንቴ ናት! እሷን መስደብ የእኔ ሥራ ነው፤ አንተን ምን አገባህ?»

«እንዳትለቂ፣ ጣውንቴ!» አሉ አዴ ጫልቱም እየጎተቱ።

ደንብ አስከባሪዎቹ ግን ነጥቀው መኪናቸው ላይ ጫኑት። ያን ቀን ሁለቱም በእናቴ መጥበሻ ጠበሱ፤ ያውም በደንበኛ እየተሻሙ። አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ የድሃ መጥበሻ የቱን ደንብ ጣሰ?» አሉኝ።