ለእንግዳ የተጠረገ ግጦሽ

ሰፈሩ የሚጠራት ወተቴ እያለ ነው። ወተት መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያላት ሦስት ላሞች፣ አንድ ነገረኛ ባልና ከቤቷ ጀርባ ያለው ግጦሽ ነው። ግጦሹ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ በየአምስት ዓመቱ አይተው ውሉን ያድሱላታል።

ዘንድሮ ቀያሽ ሊመጣ ነው ሲባል ጭንቅ ያዛት። መሬቱ ተግጦ ተግጦ ራሰ በራ መስሏል። «አበላሽተሻል ብለው ይነጥቁኛል» አለችና ላሞቹን ለሁለት ወር እህቷ ግቢ አስገብታ ድርቆሽ እየገዛች ቀለበቻቸው። ግጦሽን ማሳረፍ ከእናቷ የተማረችው ሥራ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ደግሞ አካፋ ይዛ እበቱን አንድ በአንድ ለቀመች።

«እንግዳው ሊተኛበት ነው እንዴ?» አላት ባሏ አጥሩን ተደግፎ። «ትራስም አድርጊለት እንጂ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ከምታሠራ እጅህን ብታሠራ ምን አለ?»

ሣሩ ጉልበቷ ደረሰ። ቀያሹ መጣ፤ ከበሩ ሳያልፍ ፎቶ አንስቶ፣ «ንጹሕ ነው» ብሎ ሄደ። ወተቴ ያን ቀን ስታንጎራጉር ዋለች።

ውሉ እስኪታደስ ብላ ላሞቹን ሳትመልስ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ባሏ አነበበላት፤ ቦታው ለግጦሽ ስላልዋለ ውሉ አይታደስም፤ በሠላሳ ቀን አስረክቢ ይላል። አልቀለደም።

ማዘጋጃ ቤት ሄደች። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ፎቶውን አዞረችላት።

«እናቴ፣ እስቲ ላሟን ያሳዩኝ።»

«እያረፈ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ምኑ?»

«ሣሩ።»

ልጅቷ አልሳቀችባትም። «እኛ ጋ ግጦሽ የሚባለው ከብት ሲግጥበት የተገኘ ነው። ቅጹ ላይ እረፍት የሚል የለም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ተሰጥቷል። ምነው ያኔ አንዷን እንኳ ባሰሩበት!»

 ወተቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከብት ሲግጥበት የኖረውን መሬት፣ ራሷ በእጇ ባዶ አድርጋ አሳይታቸዋለች።

በማግስቱ ላሞቹን አምጥታ በሩን ከፈተችላቸው። ሣሩ እንደ ዘንድሮ አምሮ አያውቅም፤ አንገታቸውን ቀብረው ጋጡ። አንዷ እበቷን ጣለች። ወተቴ እጇ ለምዶ አካፋውን አነሳች።

«ተይው» አላት ባሏ። «ይታይ።»

የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።